በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያለው 9 ሚሊግራም

ሩብ ሊትር ውሃ በብርጭቆ ቅዱ። ሚዛን ላይ ቢወጣ 250 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 222 ግራሙ ኦክስጅን ነው፤ ሃይድሮጂኑ 28 ግራም ብቻ። በቁጥር ከሆነ ግን ሃይድሮጂኑ የኦክስጅኑን እጥፍ ነው። እነዚህን ሃይድሮጂኖች እንደ ስንዴ አንድ በአንድ መልቀም ብንችል፣ ከ6,400 አንዱ ከሌሎቹ እጥፍ ከብዶ እናገኘዋለን። ይህ ከባዱ ሃይድሮጂን ዲዩተሪየም ይባላል። ተራው ሃይድሮጂን ኒውክሊየሱ አንድ ፕሮቶን ብቻ ነው፤ የዲዩተሪየም ግን ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጣብቀው ነው።

ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 250ን ለ18 ስናካፍል 13.9 ሞል ውሃ ይሆናል (ሞል ኬሚስቶች ቅንጣቶችን በብዛት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው)። እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጂን ስላለው 27.8 ሞል ሃይድሮጂን አለን። ይህን ለ6,400 ስናካፍል 0.0043 ሞል ዲዩተሪየም ይመጣል። አንድ ሞሉ 2 ግራም ስለሆነ ክብደቱ 8.7 ሚሊግራም ነው። 9 እንበለው። ወጥ ላይ ከምንነሰንሰው ቁንጥር ጨው በብዙ ያንሳል።

ኦክስጅኑ ከባድ ኮከብ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ኮከቡ ሲሞት የተበተነ ነው። ይህን 9 ሚሊግራም ግን አንድም ኮከብ አልሠራልንም። ኮከብ ዲዩተሪየምን ያጠፋል እንጂ አያተርፍም። ሙቀቱ ወደ 1 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ዲዩተሪየም ከፕሮቶን ጋር ተዋህዶ ሂሊየም 3 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ኮከቡ ገና በቅጡ ሳይወለድ የሚደርስበት ሙቀት ነው። ፀሐያችን እምብርት ውስጥ ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ ዲዩተሪየም ይወለዳል፤ በሰከንዶች ውስጥ ግን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪዎቹ ኤፕስታይን፣ ላቲመርና ሽራም ዲዩተሪየምን በቂ መጠን አድርጎ ሊሠራ ይችላል የተባለውን የሰማይ አካል ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ሌላ ነገር ሳያበላሽ የሚሠራ አላገኙም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ብርጭቋችን ውስጥ ያለው ዲዩተሪየም ከኮከብ ሁሉ የሚቀድም ነው። ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን፣ የተሠራውም ዓለም በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ይህ የዓለም አጀማመር ቢግ ባንግ ይባላል፤ ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ባዶ ቦታ መሃል ላይ የፈነዳ ቦምብ ነው። እኔ ምድጃ ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያውም እሳቱ ቶሎ የጠፋበት ምድጃ። ንፍሮ ተጥዶ ከሰሉ ቀድሞ ሲከስም አብዛኛው እህል ይበስላል፣ ጥቂቱ ግን ጥሬ ሆኖ ጥርስ ላይ ይቀራል። ዲዩተሪየም ያ ጥሬ የቀረው እህል ነው። ምን ያህል ጥሬ እንደቀረ ቆጥረን፣ ምድጃው ላይ ምን ያህል እህል ተጥዶ እንደነበር ማወቅ እንችላለን።

መጀመሪያ እህሉ ከየት መጣ? ሰከንድ ሳይሞላ፣ ሙቀቱ ከትሪሊዮን ዲግሪ በላይ በነበረ ጊዜ፣ ቁስና ጸረ ቁስ በእኩል መጠን ነበሩ ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሲገናኙ ተጠፋፍተው ብርሃን ይሆናሉ። እኩል ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ብርሃን ሆኖ ያልቅ ነበር። ቁሱ ግን በቢሊዮን አንድ ያህል ይበልጥ ነበር። ይህች ትርፍ ለምን እንደተገኘች እስካሁን የተቋጨ መልስ የለም፤ እንድትገኝ መሟላት ያለባቸውን ሦስት ሁኔታዎች የሶቪየቱ የፊዚክስ ሊቅ አንድሬ ሳካሮቭ በ1967 ዘርዝሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው እነዚያን ሁኔታዎች የሚያሟላ ስልት ፍለጋ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገው ውጤቱ ነው፦ ለአንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን 1.6 ቢሊዮን ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ተረፈ። የዚያ መጠፋፋት አመድ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ጣጣውን ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው።

አንድ ሰከንድ ላይ ሙቀቱ 10 ቢሊዮን ዲግሪ ነው። እስከዚህ ድረስ ፕሮቶንና ኒውትሮን አንዱ ወደ ሌላው እየተቀየሩ ሚዛናቸውን ይጠብቁ ነበር። ኒውትሮን ከፕሮቶን በ1.29 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ኃይልና ክብደት የሚለካበት መለኪያ) ስለሚከብድ፣ ዓለም ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ግን ለመቀያየሪያው የሚያስፈልጉት ኒውትሪኖ የሚባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ከቁስ ጋር መጋጨታቸውን ስላቆሙ ሚዛኑ እዚያው ቆመ፤ ለ6 ፕሮቶን 1 ኒውትሮን። ብቻውን የተተወ ኒውትሮን ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ በአማካይ ከ880 ሰከንድ በኋላ ይፈርሳል። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ሚዛኑ ወደ 7 ለ1 ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጣት መቁጠር ይቻላል። 16 ቅንጣት ውሰዱ፤ 14 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን። ኒውትሮኖቹ በሙሉ ሂሊየም ውስጥ ይገባሉ ብንል፣ አንድ ሂሊየም 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ይወስዳል። የሚተርፈው 12 ፕሮቶን ነው፤ ያ ሃይድሮጂን ነው። በክብደት ሂሊየሙ ከ16ቱ 4ቱን ያዘ፤ 25 በመቶ። ብረትና ኦክስጅን እምብዛም ባልተቀላቀለባቸው ትንንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ሲለካ የሚገኘው ሂሊየም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ 24 እና 25 በመቶ መካከል ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ይዞ እዚህ መድረስ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሚሳሳት አንድ ቁጥር አለ፤ የኒውትሮን ዕድሜ። ኒውትሮኖችን በጠርሙስ አጉሮ የቀሩትን የሚቆጥረው ዘዴ 878 ሰከንድ ገደማ ሲሰጥ፣ ከጨረር ውስጥ የፈረሱትን የሚቆጥረው ዘዴ 888 ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ ከሁለቱም የስህተት ገደብ በላይ ነው። ለሂሊየም ስሌት ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ 10 ሰከንድ ቢዛነፍ ሂሊየሙ ከ25 በመቶው የሚዛነፈው በ0.2 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዲዩተሪየም። ሂሊየም በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ አራት ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። መንገዱ በዲዩተሪየም በኩል ነው፦ መጀመሪያ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጣብቀው ዲዩተሪየም ይሆናሉ፤ ከዚያ ዲዩተሪየም ከዲዩተሪየም እየተጋጨ ወደ ሂሊየም ይወጣል። ችግሩ ዲዩተሪየም ደካማ መሆኑ ነው። ማሰሪያው 2.2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ኃይል ያለው አንድ ፎቶን ሲመታው ይበተናል።

ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ይህ ነው። ሙቀቱ ከ2.2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች ሲወርድ ዲዩተሪየም ይተርፋል ብሎ ማሰብ ይቀናል። እንዲያ ቢሆን ነገሩ ከአንድ ሰከንድ በፊት ባለቀ ነበር። ግን የፎቶኖቹን ብዛት አስታውሱ፤ ለአንድ ቅንጣት 1.6 ቢሊዮን። አማካዩ ፎቶን ቢደክምም፣ ከቢሊዮኑ ውስጥ አንድ ጉልበተኛ እስካለ ድረስ ለሰባሪነት ይበቃል። ስለዚህ የሚጠበቀው የጉልበተኞቹ ድርሻ ከቢሊዮን አንድ በታች እስኪወርድ ነው። የ1.6 ቢሊዮን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 21 ነው። 2.2ን ለ21 ስናካፍል 0.1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም 1.2 ቢሊዮን ዲግሪ ይመጣል። በጥንቃቄ ሲሰላ ደግሞ 0.07 ላይ፣ ወደ 800 ሚሊዮን ዲግሪ ይወርዳል። ዓለም ወደዚህ ሙቀት የደረሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ኒውትሮኖቹ ወረፋ ይዘው እየፈረሱ ቆዩ።

በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጋፋ። በደቂቃዎች ውስጥ ኒውትሮኖቹ ከሞላ ጎደል ሂሊየም ውስጥ ገቡ። በዚህ ሰዓት የቁሱ እፍጋት ስንት ነበር? የዛሬውን ወስደን ወደኋላ ስናሰላው በሜትር ኩብ 10 ግራም ገደማ ነው። የምንተነፍሰው አየር በባሕር ወለል ላይ በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎግራም ነው። ስለዚህ ያ የዓለም ምድጃ ከአየር ከ100 እጥፍ በላይ የሳሳ ነበር። እሳት ሲባል የሚታሰበን ቀልጦ የሚንተከተክ ነገር ነው፤ ይህ ግን ለብቻው ቢታይ ስስ ጉም እንኳ የማይሆን ጋዝ ነው።

ጋዙ ስስ መሆኑ ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ ከጥቂት ሊትየም በቀር ከሂሊየም በላይ መሄድ አልተቻለም። ክብደቱ 5 ወይም 8 የሆነ የተረጋጋ ኒውክሊየስ በተፈጥሮ የለም። ሂሊየም ላይ ፕሮቶን ብትጨምሩ 5 ይሆንና ወዲያው ይፈርሳል፤ ሁለት ሂሊየም ብታጋጩ 8 ይሆንና ይፈርሳል። መሰላል ላይ ሁለት እርከን እንደመጉደል ነው። ከዋክብት ይህን ክፍተት የሚዘሉት ሦስት ሂሊየሞችን በአንድነት እያጋጩ ካርቦን በመሥራት ነው፤ ለዚህ ግን 100 ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት፣ ከፍተኛ እፍጋትና ረጅም ዘመን ያስፈልጋል። የቀይ ግዙፍ ኮከብ እምብርት አንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ የመጀመሪያ ምድጃ በ10 ቢሊዮን እጥፍ የታፈገ ነው። ስለዚህ ካርቦኑም ኦክስጅኑም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጠብቀው ከከዋክብት መጡ። ሁለተኛ፣ ዲዩተሪየሙ ራሱ ተጠርጎ አላለቀም። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ አንዱ ሌላውን የሚያገኝበት ዕድል ቀነሰ፣ ሙቀቱም ወረደ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ላይ እሳቱ ጠፋ። ጥሬ የቀረው ለ100,000 ሃይድሮጂን 2.5 ዲዩተሪየም ነው።

ይህ 2.5 ዋጋ ያለው ቁጥር ነው። ሂሊየም የተጣደው ቁስ ቢበዛም ቢያንስም ያን ያህል አይነቃነቅም፤ የሚወስነው የኒውትሮኑ ቁጥር ነውና። ዲዩተሪየም ግን ፈጥኖ ይነግራል። ቁሱ ቢታፈግ ኖሮ ግጭቱ በዝቶ ዲዩተሪየሙ ይበልጥ ይጠረግ ነበር፤ የቁሱ መጠን እጥፍ ቢሆን የሚቀረው ዲዩተሪየም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ 2.5ን በደንብ ከለካን፣ በዓለም ላይ ስንት ፕሮቶንና ኒውትሮን እንዳለ እናውቃለን። መልሱ ትንሽ ነው፦ ዛሬ በአማካይ በ4 ሜትር ኩብ ቦታ አንድ። ከዓለም ጠቅላላ ይዘት 5 በመቶ ገደማ። ከዋክብቱ፣ ጋላክሲዎቹ፣ በመካከላቸው ያለው ጋዝ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ጋላክሲዎችን አስሮ የያዘው ስበት ከዚህ በጣም የሚበልጥ ቁስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የቀረው ጨለማ ቁስ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን የተሠራ ሊሆን አይችልም። "ጨለማ ቁስ ያልታዩ ፕላኔቶችና የሞቱ ከዋክብት ነው" የሚለውን ግምት ከሚያፈርሱት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ጥሬ የቀረ እህል ነው።

እንዴት ይለካል? ዲዩተሪየምን ከሃይድሮጂን የሚለየው ብርሃኑ ነው። የኒውክሊየሱ ክብደት ሲጨምር የኤሌክትሮኑ የኃይል እርከኖች በትንሹ ይሰፋሉ፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ3,672 አንድ ያህል ወደ ሰማያዊው በኩል ይሸሻል። ይህ 3,672 ከየትም የመጣ አይደለም፤ ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ይከብዳል፤ የእሱ እጥፍ ነው። ሃይድሮጂን ሲበራ ብርሃኑ በቀለም ሲበተን የሚታየው ቀይ መስመር 656.28 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ለ3,672 ስታካፍሉት 0.18 ይመጣል፤ የዲዩተሪየም መስመር 656.10 ላይ ነው።

አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሬ በ1931 ዲዩተሪየምን ያገኘው ይህን ልዩነት ፈልጎ ነው። ከተራ ሃይድሮጂን ውስጥ ደማቁ መስመር ደካማውን ስለሚውጠው፣ ባልደረባው ብሪክዌዲ ዋሽንግተን ላይ ፈሳሽ ሃይድሮጂንን ሊትር በሊትር እያተነነ ጥቂት ሚሊ ሊትር አስቀረለት። ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ወደኋላ ይቀራል። በ20 ኬልቪን (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ፣ ከ-273 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቆጠር ነው) የተተነነው የመጀመሪያው ናሙና የረባ ለውጥ አላሳየም፤ ወደ 14 ኬልቪን ዝቅ ብሎ ሲተነን ግን መስመሩ ወጣ። ኖቤሉን በ1934 ወሰደ።

ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ይህን መድገም ለሚፈልግ ተማሪ፦ ተራ የሃይድሮጂን ቱቦ አይበቃም፤ ሃይድሮጂንና ዲዩተሪየም የተቀላቀለበት መብራት ያስፈልጋል። ብርሃንን በጥቃቅን ጭረቶቹ በቀለም የሚበትነው ግሬቲንግ፣ የመለየት አቅሙ ብርሃን የሚያርፍባቸው ጭረቶች ብዛት ሲባዛ በኦርደሩ (ከመሃል ወደ ጎን የሚደጋገመው የቀለማት ረድፍ ተራ ቁጥር) ነው። እኛ የምንፈልገው 656.28 ለ0.18፣ ማለትም 3,650 ገደማ ነው። በሚሊ ሜትር 600 ጭረት ያለው ግሬቲንግ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋቱ ላይ ብርሃን ካረፈበት 6,000 ይሆናል፤ በሒሳብ ይበቃል። በተግባር መስመሮቹ ተደፍነው አንድ ሆነው ከታዩ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ የሚገባበት ስንጥቅ ነው፤ በጣም ተከፍቷል። አጥብቡት፣ ሌንሱን እንደገና አነጣጥሩ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ኦርደር ሂዱ። ብርሃኑ ይደክማል እንጂ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። በአሮጌ ሲዲ ቁራጭ የሚሠራው የቤት ስፔክትሮስኮፕ ለዚህ አይሆንም። ጭረቶቹ በቁጥር ባያንሱም ክብ ስለሆኑና ፕላስቲኩ ስለሚጎብጥ መስመሩን ያሰፉታል።

ወደ ሰማይ ስንወጣ ያው 3,672 ሌላ መልክ ይይዛል። የብርሃንን ፍጥነት ለእሱ ስታካፍሉ በሰከንድ 82 ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሞገድ ሽሽትን በፍጥነት ስለሚናገሩ፣ ዲዩተሪየም ለነሱ "በ82 ኪሎ ሜትር ወደኛ የሚመጣ የሚመስል ሃይድሮጂን" ነው።

የሚፈለገው ጥንታዊ፣ ከዋክብት ያልነካኩት ጋዝ ነው። እንዲህ ያለው ጋዝ ራሱ አያበራም፤ ከበስተጀርባው ኳዛር የሚባል እጅግ ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ሲኖር ግን ብርሃኑን ስለሚመጥ ጥላው ይታያል። ዋናው የሃይድሮጂን መስመር 121.6 ናኖ ሜትር ላይ ያለ አልትራቫዮሌት ነው፤ የምድር አየር አያሳልፈውም። ዓለም ስለሚለጠጥ ግን የሩቅ ጋዝ መስመር ይዘረጋል። አራት እጥፍ የተዘረጋው 486 ላይ ያርፋል፤ በዓይን የሚታይ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ሐዋይ ላይ ያለው ባለ 10 ሜትሩ ኬክና ቺሌ ላይ ያለው ባለ 8.2 ሜትሩ ቪ.ኤል.ቲ. ቴሌስኮፕ ይህን ሲለኩ ኖረዋል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። በመንገዱ ላይ ሌላ ትንሽ የሃይድሮጂን ደመና በአጋጣሚ በዚያው 82 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጥላው የዲዩተሪየም ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። በ1994 ከአንድ ኳዛር አቅጣጫ የወጣው ልኬት ከዛሬው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ዲዩተሪየም ሰጥቶ ለጥቂት ዓመታት ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ኋላ ላይ እንዲህ ያለ ሰርጎ ገብ ደመና እንዳለበት ታወቀ። ሰርጎ ገቡን ለመለየት ሁለት ነገር ይታያል። ዲዩተሪየም እጥፍ ስለሚከብድ በተመሳሳይ ሙቀት ቀስ ብሎ ይርገበገባል፤ ስለዚህ መስመሩ ከሃይድሮጂን መስመር መጥበብ አለበት። ሰፊ ሆኖ ከተገኘ ሃይድሮጂን ነው። ከዚያ ደግሞ አንዱን መስመር ብቻ ሳይሆን ወደ አልትራቫዮሌቱ የሚወርዱትን ተከታታይ መስመሮች ሁሉ ማየት፤ ዲዩተሪየሙ በሁሉም ላይ በልኩ መገኘት አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ የሚተርፈው ደመና ጥቂት ነው። ኩክ፣ ፔቲኒና ስታይድል በ2018 ያወጡት ውጤት በሰባት ደመናዎች ላይ የቆመ ነው፦ ለ100,000 ሃይድሮጂን 2.527፣ ስህተቱ 1 በመቶ ገደማ።

ልኬቱ እዚህ ሲደርስ ወደኋላ የቀረው ስሌቱ ነበር። ዲዩተሪየም ከፕሮቶን ጋር ምን ያህል ቶሎ እንደሚዋሃድ በቂ ልኬት አልነበረም። ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር ዓለት ከላይ ተሸክሞ ከጠፈር ጨረር በተጠበቀው ቤተ ሙከራ፣ ሉና የተባለው ቡድን ፕሮቶኖችን ዲዩተሪየም ላይ እየተኮሰ ውጤቱን በ2020 አወጣ። በዚያ ሲሰላ የቁሱ መጠን ፕላንክ ሳተላይት ከጠፈር ዳራ ጨረር (ከቢግ ባንግ የቀረው ጥንታዊ ብርሃን) ካገኘው ጋር ገጠመ። አንዱ ልኬት ዓለም ደቂቃዎች ዕድሜ የነበራትን ጊዜ ያያል፣ ሌላው 380,000 ዓመት የሆናትን።

ሊትየም ግን አልገጠመም። ያው ስሌት የሚተነብየው ሊትየም በጋላክሲያችን አሮጌ ከዋክብት ገጽ ላይ ከሚታየው 3 እጥፍ ይበልጣል። ከዋክብቱ ሊትየሙን ወደ ውስጥ ውጠው አቃጥለውት ይሆናል የሚለው ማብራሪያ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ለእኔም የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ብርጭቋችን እንመለስ፤ አንድ ያልተጣጣመ ቁጥር ትተን ሄደናልና። ጥንታዊው ጋዝ ለ100,000 ሃይድሮጂን 2.5 ዲዩተሪየም አለው አልን። ውሃችን ውስጥ ግን ከ6,400 አንድ፣ ማለትም ለ100,000 15.6 ነው። ስድስት እጥፍ! ኮከብ ካልሠራው ትርፉ ከየት መጣ?

አዲስ ዲዩተሪየም አልተሠራም፤ የነበረው አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ፀሐይ ከመወለዷ በፊት የነበረው የጋዝ ደመና ከ10 እስከ 20 ኬልቪን ድረስ የቀዘቀዘ ነበር። እንዲህ ባለ ብርድ አንድ ሞለኪውል ሃይድሮጂኑን በዲዩተሪየም ሲለውጥ ትንሽ ሙቀት ይለቃል፤ መልሶ ለመለዋወጥ ያንን ሙቀት ማግኘት አለበት፣ በዚያ ብርድ ደግሞ የለም። ስለዚህ በሩ ወደ አንድ በኩል ብቻ ይከፈታል፤ ዲዩተሪየሙ አቧራ ቅንጣቶች ላይ በሚጋገረው በረዶ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የፀሐይ ጋዝ ራሱ እንዳልተለወጠ የምናውቀው ከጁፒተር ነው። ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር በ1995 የጣለችው መሣሪያ ከባቢ አየሩ ውስጥ ሲሰምጥ ያገኘው 2.6 ገደማ ነው፤ ያው የመጀመሪያው ምድጃ ቁጥር ማለት ነው። ውሃችን ስድስት እጥፍ መሆኑ፣ ጉልህ የሆነው ክፍል ከፀሐይ የሚቀድም በረዶ እንደነበር ያሳያል። ጅራታም ኮከቦች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፦ በ2011 የተለካው ሃርትሊ 2 ከውቅያኖሳችን ጋር ሲመሳሰል፣ ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር በ2014 የደረሰችበት 67ፒ 3 እጥፍ የሚበልጥ ዲዩተሪየም ተገኘበት። ውሃችንን ጅራታም ኮከቦች አመጡት የሚለው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለ ማስተካከያ አይነገርም።

ዲዩተሪየም በምድር ላይም መንቀሳቀሱን አላቆመም። ከባዱ ውሃ ቀስ ብሎ ይተናል፣ ደመና ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይዘንባል። ስለዚህ ደመና ወደ መሃል አገርና ወደ ደጋ ሲወጣ ዲዩተሪየሙን እያራገፈ ይሄዳል፤ የከፍተኛ ቦታ ዝናብ በተለምዶ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ልማድ ወጣ ትላለች። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዝናቧ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የአይሶቶፕ (እንደ ሃይድሮጂንና ዲዩተሪየም ያሉ የአንድ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነቶች) መረብ ሲለካ ቆይቷል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ሳለ፣ ዝናቧ ለከፍታው ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ፣ እርጥበቱ በቀጥታ ከባሕር ብቻ ሳይሆን ከምዕራብ በኩል ካለው ረግረግና ደን ተንኖ ዳግም የተነሣ መሆኑ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ መውጫ የሌላቸው እንደ አብያታና ሻላ ያሉ ሐይቆች ፀሐይ ቀላሉን እየወሰደባቸው ከባዱ ይቀራል። ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣው ውሃ ከዝናብ የመጣ ይሁን ከሐይቅ የሰረገ የሚለየው አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሃምሳ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል። አሞላሉ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱ አየር ሳይቀር እስከ አፉ መሞላትና ክዳኑ በደንብ መጠበቅ አለበት። ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ሞቃት መኪና ውስጥ ሰንብቶ የደረሰ ናሙና የሚያሳየው ትነቱን እንጂ ጉድጓዱን አይደለም።

ቤት ውስጥም ይኸው ይሆናል። ያን 250 ግራም ውሃ ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምራችሁ ግማሹ እስኪተን ብታፈሉት፣ የቀረው ግማሽ ዲዩተሪየሙም ግማሽ፣ ማለትም 4.35 ሚሊግራም ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በፈላ ውሃ ላይ ቀላሉ ከከባዱ 2.7 በመቶ ያህል ቀድሞ ስለሚተን፣ ማንቆርቆሪያው ሥር የሚቀረው 4.43 ነው።